ከበሮ ማጣሪያ ለዓሣ ኩሬና ለዓሣ እርባታ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ከበሮ ማጣሪያ፣ በባለሙያዎች አፍ ድራም ፊልተር፣ በዓሣ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን እዳሪና የተረፈ መኖ በሚዞር ወንፊት ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። የቆሸሸው ውሃ በአንድ ጎኑ ክፍት በሆነው ከበሮ ውስጥ ይገባል። ዙሪያው በቀጭን ወንፊት ስለተሸፈነ ውሃው ወደ ውጭ ያልፋል፣ ቆሻሻው ውስጥ ይቀራል። ወንፊቱ እየተደፈነ ሲሄድ በውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የውሃውን ከፍታ የሚከታተለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ሞተሩን ያስነሣል። ከበሮው ሲዞር ከላይ የተደረደሩት ረጪ አፍንጫዎች ከውጭ ወደ ውስጥ በኃይል እየረጩ ቆሻሻውን መሐል ላይ ወዳለው አሸንዳ ይጥሉታል፤ አሸንዳውም ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ለዚህ እጥበት የሚወጣው ውሃ በማጣሪያው ከሚያልፈው አንጻር ጥቂት ነው፤ በደህና የተተከለ ማጣሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም።

መሣሪያው የሚያወጣው ጠጣሩን ብቻ ነው። ዓሣው በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) በኩል የሚያስወግደው አሞኒያ በውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በማንኛውም ወንፊት ያልፋል፤ እሱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት በባክቴሪያ ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ከበሮው ሁልጊዜ ከባክቴሪያ ማጣሪያው በፊት ይተከላል። ጠጣሩ ቀድሞ ካልወጣ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበትን ገጽ ይሸፍነዋል፣ እየበሰበሰም ኦክስጅኑን ይሻማል።

የመሣሪያው ዘር ከመጠጥ ውሃ ነው የመጣው፤ በስኮትላንድ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልጌን ከውሃ ለመለየት የሚዞር ጥቃቅን ወንፊት ተሠርቶ ነበር። ለዓሣ እርባታ ተብሎ የተበጀው ከበሮ ግን በ1980ዎቹ በስዊድን ሃይድሮቴክ በተባለ ኩባንያ በስፋት የታወቀ ሲሆን፣ የተፈተነበትና ያደገበት ሜዳ ዴንማርክ ናት።

የዴንማርክን ታሪክ ረዘም አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ማጣሪያ ለምን እንደሚገዛ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። በዴንማርክ ዋና ምድር በጁትላንድ፣ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ወንዝ ገድበው፣ ውሃውን በአፈር ኩሬዎች አሳልፈው፣ ከነቆሻሻው ወደ ወንዙ ይመልሱት ነበር። በዚህ አሠራር 1 ኪሎ ዓሣ ለማምረት 50 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ያልፋል። ወንዞቹ በቆሻሻው ተጎዱ፤ ግድቦቹም ወደ ላይ የሚወጣውን የዱር ዓሣ መንገድ ዘጉ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደንብ እያንዳንዱ እርባታ በዓመት የሚጠቀመውን መኖ በኮታ ወሰነ። አርቢው ብዙ ለማምረት ከፈለገ ውሃውን ማጽዳት ነበረበት። ዝቃጭ ማጠራቀሚያ ገንዳዎችና ጥቃቅን ወንፊቶች በየእርባታው የገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ «ሞዴል እርባታ» የሚባለው መጣ። በሦስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደረጃ ውሃውን መልሶ መላልሶ ይጠቀማል፦ የኮንክሪት ቦዮች፣ ከሥራቸው ዝቃጭ የሚይዙ ሾጣጣ ጉድጓዶች፣ ከበሮ ማጣሪያ፣ የባክቴሪያ ማጣሪያ፣ በአየር ኃይል ውሃ የሚያነሣ ፓምፕ፣ በመጨረሻም ዕፅዋት የበቀሉበት ሐይቅ መሰል ረግረግ። ለ1 ኪሎ ዓሣ የሚያስፈልገው ውሃ ወደ 4 ሺህ ሊትር ገደማ ወረደ። ውሃው የሚቀዳው ከጉድጓድና ከእርጥብ መሬት ፍሳሽ ስለሆነ ወንዙ ነጻ ሆነ። ይህ የአርቢዎችና የተመራማሪዎች የጋራ ሥራ ነው፤ ሊደነቅ የሚገባውም ነው።

በኖርዌይና በፋሮ ደሴቶች ከበሮው የሳልሞን ጫጩት ማሳደጊያዎች መደበኛ ዕቃ ሆኗል። የጃፓን ጌጠኛ ዓሣ ኮይ አፍቃሪዎች በአውሮፓ አነስተኛውን ዓይነት በየጓሯቸው ይተክሉታል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት የኩሬያቸውን ሊትር ይዘው በመሄዳቸው ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በቀን ስንት ኪሎ መኖ እንደሚገባ ነው። ከሚሰጠው መኖ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በደረቅ ክብደት ሲለካ ጠጣር ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል። በቀን 10 ኪሎ መኖ የሚያበላ ሰው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ ያመርታል፤ እርጥቡ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። መኖው 32 በመቶ ፕሮቲን ካለው በዚያው ቀን 300 ግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይጨመራል፤ ይህ ለባክቴሪያ ማጣሪያው የሚቀርብ ሒሳብ ነው።

ቀጥሎ የውሃው ፍሰት ይሰላል። 20 ሜትር ኩብ የጌጥ ኩሬ በሁለት ሰዓት አንዴ እንዲዞር ከተፈለገ ማጣሪያው በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ማሳለፍ አለበት። ዓሣ የታጨቀበት ገንዳ ግን በሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ መዞር ይፈልጋል። በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው የማሳለፍ አቅም ብዙ ጊዜ ለንጹሕ ውሃና ቀዳዳው ለሰፋ ወንፊት የተሰላ ነው። የቀዳዳው ስፋት የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሻጩ «በስንት ማይክሮን፣ በሊትር ስንት ሚሊግራም ጠጣር ሲኖር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።

የወንፊቱ ቀዳዳ የተለመደው ከ40 እስከ 100 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ገደማ ነው ቢባል ልኩን ለማሰብ ይረዳል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። በጣም የጠበበ ወንፊት ውሃውን ያጠራል፣ ነገር ግን ደጋግሞ ይደፈናል፤ ማጠቢያ ውሃና መብራትም ይበላል። ለአብዛኛው እርባታ 60 አካባቢ ሚዛናዊ ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ ዓሣውና እንደ መኖው ዓይነት ግን ሊለያይ ይችላል።

የፓምፑ ቦታ ግን አያከራክርም፤ ከማጣሪያው በኋላ ይሁን። የዓሣ እዳሪ በፓምፕ ምላጭ ከተመታ ይፈጫል፣ የተፈጨውም በወንፊት ያልፋል። ስለዚህ ውሃው ከኩሬው ወለል በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በራሱ ክብደት ወደ ከበሮው ቢፈስ ይመረጣል። ለዚህ ከበሮው ከኩሬው የውሃ ልክ ጋር መስተካከል አለበት፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስሕተት እንኳ ሥራውን ያበላሻል። አስቀድሞ የተሠራ፣ ወለሉ ላይ መውጫ የሌለው ኩሬ ብቻ በፓምፕ የሚመገበውን ዓይነት ለመግዛት ይገደዳል። ጫጩት የሚያሳድግም መውጫውን በጥሩ ወንፊት ይክደን፤ አለበለዚያ ጫጩቶቹ ከቆሻሻው ጋር ወደ አሸንዳው ይሄዳሉ።

ጨው ለሚጨመርበት ወይም ለባሕር ውሃ ተራው 304 የሚባለው አይዝጌ ብረት በጨው ይበላል፤ 316 ከሚባለው አይዝጌ ብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ አካል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ለማን ይሆናል? ለአብዛኛው ገበሬ አይሆንም። የቆሮሶ የአፈር ኩሬ አረንጓዴ መሆኑ ሀብቱ ነው፤ ቆሮሶ አልጌ ይበላል። በዚያ ላይ ነጠላ የአልጌ ሕዋሳት ከወንፊቱ ቀዳዳ ስለሚያንሱ ከበሮው አረንጓዴ ውሃን አያጠራም፤ ለጌጥ ኩሬ ይህን የሚሠራው የአልትራ ቫዮሌት መብራት ነው። ከበሮው የሚገባው ጫጩት ማፍያ ላለው፣ ወይም አምባዛን በገንዳ አጭቆ በፋብሪካ መኖ ለሚያሳድግ ነው። ሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ገንዳ እርባታ የሚጠይቀው ሰው እየበዛ ነው። ጥያቄው በዋጋ ከመጀመሩ በፊት በዝቃጭ ገንዳ መሞከር ብልህነት ነው፤ በቀን ጥቂት ኪሎ መኖ ለሚሰጥ ሰው ያ ይበቃዋል።

የአገራችን የዓሣ እርባታ እውቀት ምንጭ የሆነው የሰበታው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቆሮሶን፣ አምባዛንና ካርፕን ሲያራባ፣ ጫጩትም ለግድቦችና ለገበሬዎች ሲያዳርስ ኖሯል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሊትር 9.1 ሚሊግራም ወደ 7 ያህል ይወርዳል። አውሮፓ የተጻፈ የመጫኛ መመሪያ ይህን አይቆጥርም። ደጋ ላይ የሚበሰብስ እዳሪ የሚሻማው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ያነሰ ስለሆነ፣ ቆሻሻን ቶሎ ማውጣት ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ደጋ ላይ ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ከበሮው ይቆማል፤ ውሃው መፍሰሱን ከቀጠለ ወንፊቱ ሲደፈን ውሃ በሚተርፍበት ማለፊያ በኩል ሳይጣራ ወደ ባክቴሪያ ማጣሪያው ይሄዳል። ስለዚህ ፓምፑም ከበሮውም በአንድ ጄነሬተር መሥመር ላይ ይሁኑ። ከመግዛት በፊት ወንፊቱ፣ ኩሽኔታው፣ ጎሚኒውና ረጪ አፍንጫው ለየብቻ ይሸጡ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሁሉም የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። የመኖ ቅባትና የካልሲየም ዝቃጭ ወንፊቱን ቀስ በቀስ ስለሚደፍኑት አልፎ አልፎ ወንፊቱን አውጥቶ በደካማ አሲድ፣ ለምሳሌ በሆምጣጤ፣ ማጠብ ይገባል፤ ውሃው ውስጥ እንዳለ ግን አይታጠብም። ከአሸንዳው የሚወጣው ጥቁር ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለበት ወደ ቦይ ከሚጣል ወደ ጎመንና ቲማቲም መደብ ቢወርድ ይሻላል፤ ጨው የተጨመረበት ከሆነ ግን መደቡን ያቃጥላል።