የፋብሪካ ሕንፃ ቅርስ የሚባለው መቼ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ «ቅርስ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የጣና ገዳማትን፣ የክብራን ገብርኤልን ወይም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ነው፤ ስለዚህም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቅርስ ሊሆን ይችላል ሲባል ብዙዎች ግር ይላቸዋል። ግርታው የሚመነጨው ቅርስነትን በዕድሜ ብቻ ከመለካት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስን የሚተረጉመው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነገር በማለት ነው፤ ሕንፃንም ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች መካከል ይቆጥራል።

የዚህ ፋብሪካ ዋጋ ከምንም በላይ ታሪካዊ ነው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል የተወሰነ ሲሆን፣ ፋብሪካው የተሠራው ከዚሁ የካሳ ገንዘብ ነው። ግድግዳው ጌጥ ባይኖረውም ወራሪው ላደረሰው ጥፋት የተከፈለ ዕዳ የሚታይና የሚዳሰስ ምስክር ነው፤ ይህን ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ የትኛውም የመታሰቢያ ሐውልት አይተካውም።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲመዘን ከፊት ገጽታው ይልቅ ውስጡ ብዙ ይናገራል፤ ማሽን የተተከለበት የኮንክሪት መሠረትና በወለሉ ላይ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ጥጡ በምን ቅደም ተከተል ክር፣ ክሩም ጨርቅ ይሆን እንደነበር ያሳያሉ። ዋጋ መኖርና መመዝገብ ግን የተለያዩ ናቸው፦ ምዝገባ ያለውን ዋጋ በሕግ ያጸናል እንጂ አይፈጥረውም።