«ሎድ ከ3 በላይ ወጣ፤ ጂኑ ተገኘ!»

ሆለታ አካባቢ ገብስ እያዳቀሉ የቁመትና የአበባ ጊዜ ጂኖችን ከሚፈልጉ ወጣት ተመራማሪዎች ይህ አባባል ደጋግሞ ይሰማል፦ «አር ኪውቲኤል ላይ አስኬድኩት፣ ሎድ 3.2 ሰጠኝ፣ ጂኑ ተገኝቷል።» አልተገኘም። ዓመታት የተለፋበት ማሳ እንዲህ ባለ ድምዳሜ ሲባክን ያንገበግባል። አር ኪውቲኤል አንድን ባሕርይ የሚነኩ የክሮሞሶም ክልሎችን (ኪውቲኤል የሚባሉትን) የሚፈልግ ሶፍትዌር ነው፤ ሎድ ደግሞ የማስረጃውን ጥንካሬ የሚለካ ቁጥር ነው።

3 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሰው ዘረመል ነው፤ ኒውተን ሞርተን በ1955 ለትስስር ጥናት (ጂኖች አብረው መወረሳቸውን ለሚመረምር) ያቀረበው መስፈርት ነው። የገብስ ፍተሻ ግን በ7 ክሮሞሶሞች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ያያል፤ ከእነዚህ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ገደቡን መናገር የሚችለው የራሳችሁ ዳታ ነው። ቸርችልና ዶርጅ በ1994 ያሳዩት ዘዴ እነሆ፦ የጂኖታይፑን ሰንጠረዥ (እያንዳንዱ መስመር፣ ማለትም ከማዳቀሉ የወጣ ዘር፣ ከየትኛው ወላጅ ምን እንደወረሰ የሚያሳየውን) አትንኩ፣ የቁመቱን ዓምድ ብቻ በዘፈቀደ አደባልቁ፣ ጂኖሙን በሙሉ አስፈትሹ፣ ከፍተኛውን ሎድ መዝግቡ። ይህን 1000 ጊዜ ድገሙ። ከተመዘገቡት ቁጥሮች 95 በመቶው የማያልፉት ገደባችሁ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ራሱ ይሠራል፤ በስካንዋን ትዕዛዝ ውስጥ ኤን ፐርም የሚለውን 1000 ማድረግ ብቻ ነው። በ100 ካቆማችሁት ገደቡ በ5 ቁጥሮች ላይ ይንጠለጠላል፣ ባስኬዳችሁት ጊዜ ሁሉም ይለዋወጣል። ጊዜ ካጠራችሁ ሄሊ እና ኖት የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን ፈጣን የስሌት ዘዴ ምረጡ፣ ድግግሞሹን አትቀንሱ። ዋናው ፍተሻ ውስጥ የዓመት ወይም የማሳ ልዩነት ከገባ፣ በማደባለቁም ውስጥ ያው ይግባ። ይህ ሲረሳ ገደቡ የሌላ ሞዴል ገደብ ይሆናል። 5 ባሕርያት ከፈተሻችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ የ5 በመቶ ስህተት ዕድል እየሰጣችሁ መሆኑን አስቡ።

ሎዱ ከፍተኛ በሆነበት ጫፍ ላይ ያለው ማርከር (በክሮሞሶሙ ላይ የተፈተሸው ምልክት) ጂኑ ነው? አይደለም። ከጫፉ 1.5 ሎድ ወርዳችሁ ግራና ቀኙን ያዙ፤ ጂኑ በዚያ ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል።

ማርከር ሲጨመር ክልሉ ይጠባል ይባላል። ማርከሩ በቂ ከሆነ በኋላ የሚያጠብበው ሪኮምቢኔሽን (የወላጆች ክሮሞሶሞች ቁራጭ መለዋወጥ) ነው፤ መስመር ጨምሩ።

«ይህ ኪውቲኤል የልዩነቱን 40 በመቶ ያብራራል» የሚለው ከ100 መስመሮች የመጣ ከሆነ አትመኑት። ቢቪስ የተባለው ተመራማሪ እንዳሳየው፣ በትንሽ ናሙና ገደቡን የሚያልፉት ዕድል ያገነናቸው ናቸው፣ ስለዚህ ጉልበታቸው ተጋኖ ይነበባል።

ደግሞም ሶፍትዌሩ የዳታ ስህተት ያርማል ብላችሁ አትጠብቁ። ውኃ ተኝቶበት የጠፋ መደብ ላይ 0 ከተጻፈ፣ ቁመቱ 0 ሴንቲሜትር ነው ብሎ ያሰላል። በምትኩ ሰረዝ ጻፉ። ራስ በራስ ተዳቅለው የጸኑ መስመሮችን ስታስገቡም ዓይነታቸውን ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሁለት ጂኖታይፕ ብቻ ስለሚያይ ወደ ወላጅ ተመልሶ የተዳቀለ ትውልድ አድርጎ ይወስዳቸዋል። የማርከሮቹን ርቀት የሚያሳየውን ካርታ እንደገና አስገምቱና ርዝመቱን እዩ፤ ከሚጠበቀው ወደ እጥፍ ከቀረበ መጀመሪያ የምትፈትሹት የመስመሮቹን ዓይነት መንገራችሁን ነው።