የርቀት የሳንባ ምርመራ ምንድን ነው?

«ለጤና ጣቢያዎቹ ስፓይሮሜትር (በኃይል ሲነፉበት የሳንባን አቅም የሚለካ መሣሪያ) ግዙላቸው፤ ቁጥሩን በቴሌግራም ይላኩ፤ አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት ያነበዋል፤ አለቀ።» ይህን የጻፈው ሰው በክፋት አይደለም። መንዝ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ኩበት ሲያነዱ የኖሩ እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የሳንባ ስፔሻሊስት ማግኘት ከባድ እንደሆነ ገብቶታል። ግን የርቀት ምርመራ እንዲህ አይሠራም።

ከሩቅ የሚሆነው ንባቡ ነው። ማስነፋቱ ግን አጠገብ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

የአንጥረኛ ወናፍ አስቡ። አቅሙን ለማወቅ አየር ጥግ ድረስ ሞልቶ ባንዴ፣ በሙሉ ኃይል መጫን ነው። የሚጫነው ልጅ ካለዘበው እሳቱ ይደክማል፣ ወናፉ ግን ደህና ነው። እሩቅ አገር ተቀምጦ «እሳቱ ደክሟል» የሚል ወሬ ብቻ የደረሰው አንጥረኛ፣ ወናፉ ተቀዶ ይሁን ልጁ ለግሞ በምን ያውቃል? እሳቱ እንዴት እንደተነሳና እንዴት እንደወረደ ማየት አለበት።

ለእኛ ያ፣ ትንፋሹ እንዴት እንደወጣ መሣሪያው የሚስለው ግራፍ ነው። የእያንዳንዱ ሙከራ ግራፍ ይላክ። ጥሩው ሹል ሆኖ ይነሳል፤ ሳል ከገባበት መሐሉ ይሰበራል፤ ቶሎ ካቆሙ ጭራው ቁርጥ ይላል። ቢያንስ 3 ደህና ሙከራ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ትልልቅ ውጤቶች ልዩነትም ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ይህን የምታመጣው አጠገብ የቆመችው ነርስ ናት፦ «እማማ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይጨምሩ፣ አሁን! ይግፉት፣ ይግፉት፣ እንዳያቆሙ፣ ትንሽ ቀረ!» እያለች፣ ከንፈራቸው ቱቦውን ግጥም አድርጎ መያዙን እያየች። ስፔሻሊስቱም «ሁለተኛው አልሆነም፣ ይድገሙ» የሚለው ታካሚዋ ገና ወንበሩ ላይ ሳሉ መሆን አለበት። ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው ቤታቸው ከገቡ በኋላ የሚመጣ መልስ ምን ያደርጋል?

ደግሞ፣ መሣሪያው በትክክል መለካቱ፣ ልክ 3 ሊትር አየር በሚገፋ ሲሪንጅ በየዕለቱ ይፈተሽ። የአየር ቧንቧ ከሚከፍተው መድኃኒት፣ ከሳልቡታሞል በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቆ መድገም አይዘለል። ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው መጀመሪያ ለቲቢ አክታው ይታይ፣ ከዚያ ይንፋ።

ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካውን ኦክሲሜትርም «የሳንባ ምርመራ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። አስም ያለበት ሰው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ደግሞ የጤነኛው ቁጥርም ቆላ ካለችው ከሸዋ ሮቢት ሰው ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል።

ለመሣሪያ የተያዘ ብር ካለ ከላዩ ለነርሷ ሥልጠና ይቀነስለት። ከሠለጠነች በኋላም ወደ ሌላ ክፍል አታዘዋውሯት።