በሶለንት ሰርጥ የሸራ ጀልባና የሞተር መርከብ ቅድሚያ

ሶለንት በደቡብ እንግሊዝና በዋይት ደሴት መካከል ያለ የባሕር ሰርጥ ነው። ሸራና ሞተር እንዲህ ተጠጋግተው የሚውሉበት ውኃ ብዙ አይገኝም። ወደ ሳውዝሃምፕተን ወደብ የሚገቡ ኮንቴይነር ጫኞችና ነዳጅ ጫኞች ያልፉበታል። የደሴቲቱ ጀልባዎችም ሲመላለሱ ይውላሉ። በ1826 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የተጀመረው ዝነኛው የካውስ የሸራ ጀልባ ውድድርም የሚካሄደው እዚሁ ነው።

የእንፋሎት መርከብ ከመጣ በኋላ፣ በ1840 ትሪኒቲ ሃውስ የተባለው የእንግሊዝ ተቋም የመተላለፊያ ደንብ አወጣ። ዛሬ የሚሠራው በ1972 የተፈረመውና በ1977 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንቀጽ 18ን ነው። ሞተር ለሸራ ይለቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባለሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየታጠፈ ነው የሚወጣው። ባለሞተሩ ግን መሪውን ማዞር ወይም ፍጥነት መቀነስ ይበቃዋል። ቅድሚያ ያለው ጀልባም ግዴታ አለበት። አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ መሄድ አለበት። ሌላው ዝም ካለና ግጭት የማይቀር ከመሰለ ደግሞ እሱም የማምለጥ ግዴታ አለበት።

ነገር ግን «ሸራ ይቀድማል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ጀልባ ሸራም ቢሆን ራሱ ነው የሚርቀው። መረብ እየጎተተ ለሚያጠምድ መርከብ ሸራው ይለቃል። ሸራውን ዘርግቶ ሞተር ያስነሳ ጀልባ በሕግ ፊት የሞተር ጀልባ ነው። ቀን ላይ ከሆነ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጥቁር ሾጣጣ ምልክት መስቀል አለበት። ብዙዎች ግን አይሰቅሉም፤ ይህ ያሳዝናል። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 9 ነው። በጠባብ መተላለፊያ ብቻ መሄድ የሚችልን መርከብ ባለሸራ ጀልባም ሆነ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ማንኛውም ጀልባ መንገድ ሊዘጋበት አይችልም።

ሶለንት ላይ ይህ አንቀጽ በየቀኑ ይፈተናል። በሰርጡ መሃል ብራምብል ባንክ የሚባል የአሸዋ ክምር አለ። ትልልቅ መርከቦች እሱን ለመዞር ሹል መታጠፊያ መያዝ ግድ ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ የገባ መርከብ ቶሎ አይቆምም። ጎን የሚልበት ጥልቅ ውኃም የለውም። ስለዚህ የወደቡ አስተዳደር አስተዋይ ደንብ አውጥቷል። ከ150 ሜትር በላይ የሚረዝም መርከብ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ ከፊቱ 1,000 ሜትር፣ በግራና በቀኙ ደግሞ 100 ሜትር ለትናንሽ ጀልባዎች ክልክል ነው። ክልሉ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። አምስት አጫጭር የጡሩምባ ድምፅ ከተሰማ «አካሄድህ አልገባኝም፣ አደጋ አለ» ማለት ነው።

በነሐሴ 2011 በካውስ ውድድር ላይ አንድ ተወዳዳሪ ጀልባ 120 ሺህ ቶን የሚገመት ሃነ ክኑትሰን የተባለ ነዳጅ ጫኝ ፊት ገባ። ፊኛ መሳዩ የፊት ሸራ በመርከቡ መልሕቅ ተያዘ። ምሰሶው ተሰበረ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ተመታ፣ ሌላው ወደ ባሕር ዘለለ። ሰው ግን አልሞተም። የጀልባው መሪ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ቢከራከርም በ2013 ተፈረደበት። በዚያ ወደብ ለሚሠሩ ሰዎች ፍርዱ የሚያከራክር አልነበረም። አንዳንድ የሸራ ሰዎች ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም ይላሉ።

ከሕጉ ውጭ ያለው ጨዋነት ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ሞተር ስለሚያስነሳው ማዕበል አንድም ቃል አይልም። ጠቡ ግን የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። ነፋስ በደከመበት ሰዓት ፈጣን ጀልባ በጎን ሲያልፍ ሸራው ነፋሱን ያፈስሳል። አግዳሚው ምሰሶ ግራና ቀኝ ይላጋል። ከታች ምድጃ ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያም ይንሸራተታል። ጨዋ የሞተር ነጂ ርቆ ሳለ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከሸራው ኋላ በኩል ያልፋል። አቅጣጫውን ሲለውጥም ቀደም ብሎ፣ በግልጽ እንዲታይ አድርጎ ነው። ተወዳዳሪ ጀልባ በውድድሩ ምክንያት ተጨማሪ ቅድሚያ የለውም። ያም ሆኖ ውድድሩን ዞሮ ማለፍ በሶለንት የቆየ ልማድ ነው። ባለሸራውም እጁን አንስቶ ያመሰግናል።