በወሎ የወንጀል ይግባኝ፦ የማስረጃ ክርክርና የዳኛው አመራር

በወሎ በወረዳ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ይግባኙን በወልድያ፣ በደሴ ወይም በከሚሴ ለሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ክሱ ከጅምሩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከታየ ይግባኝ ሰሚው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ይግባኝ ለመጠየቅ 15 ቀን፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ማመልከቻ ለማስገባት 30 ቀን ይሰጣል።

ማስረጃው ተያዘ ወይም ውድቅ ተደረገ ተብሎ ክርክሩ መሐል ይግባኝ አይባልም። በአንቀጽ 184 መሠረት ብይኑ የይግባኝ ምክንያት የሚሆነው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ተቃውሞው ግን ያኔውኑ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል። ብዙ የሚያከራክረው የእምነት ቃል፣ ማለትም ተጠርጣሪው ወንጀሉን ፈጽሜአለሁ ብሎ የሰጠው ቃል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ውድቅ ያደርጋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 ቃል የተቀበለ ፍርድ ቤትም ተጠርጣሪው በፈቃዱ መናገሩን ጠይቆ ማረጋገጡን መመዝገብ ስላለበት፣ ጎበዝ ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው ያቺን ማስታወሻ ነው።

የዳኛው ነገር ከዚህ ይጠጥራል። ዳኛ ምስክርን የማጣሪያ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ተከሳሹ ጠበቃ ከሌለው እንዲያውም ይጠቅመዋል። ቅሬታው የሚነሳው ዳኛው የዐቃቤ ሕግን ክፍተት በራሱ ጥያቄ ሲሞላ፣ መስቀለኛ ጥያቄን ሲያቋርጥ ወይም ተከሳሹን ሲቆጣ ነው። ችግሩ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 147 የምስክር ቃል በተለምዶ በትረካ መልክ እንዲጻፍ ማድረጉ ነው። «ተከሳሹን በጨረቃ ብርሃን ለይቼዋለሁ» የሚል መስመር ላይ «ጨረቃ ነበረች አይደል?» ብሎ ያስጀመረው ማን እንደሆነ አይታይም። ቁጣማ ጭራሽ አይጻፍም። ስለዚህ ጥያቄውና መልሱ ቃል በቃል እንዲያዝ እዚያው ችሎት ላይ መጠየቅ ያዋጣል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ገለልተኛነቱ የሚያጠራጥር ከሆነ «ዳኛው ይነሱልኝ» ማለትም ፍርድ እስኪሰጥ አይቆይም። ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የሚቀርብ የሥነ ምግባር አቤቱታ ሌላ መንገድ ነው፤ ፍርዱን አይሽርም።

በቃሉና በባቲ አካባቢ አበጋሮች (የባህል አስታራቂ ሽማግሌዎች) ደም ካደረቁ፣ ማለትም የገዳይንና የሟችን ወገን ካስታረቁ በኋላ ምስክር ቃሉን ሲለውጥ ሌላ ክርክር ይከፈታል። እርቁ ክሱን አያስቀርም፤ የተከፈለው ካሳ ግን ለቅጣት ማቅለያ ይቀርባል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊሽር፣ ቅጣቱን ሊያሻሽል ወይም ተጨማሪ ማስረጃ ሊሰማ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ስለሚያይ «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚል አቤቱታ እዚያ አይራመድም፤ «በግዳጅ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተያዘብኝ» የሚለው ግን ሊያስቀርብ፣ ማለትም በሰበር እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል።