በድሬዳዋ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች 7ኛና 8ኛ ክፍል ምን ይማራሉ?

የድሬዳዋ ሰው በተለምዶ «ሚሲዮን» የሚላቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚያስተምሩት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። መጽሐፉም ፈተናውም የሁሉም ትምህርት ቤት ነው። ልዩነቱ በአያያዙ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራው ይከፈታል ወይስ ተቆልፎ ይከርማል? ደብተር ይታረማል ወይስ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ብቻ ተደርጎበት ይመለሳል?

ሚሲዮኑ በአካባቢው ሥር የሰደደው ከሐረር ተነሥቶ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አደረጃጀት ድሬዳዋም እስከ ዛሬ ያለችው በሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት (ሀገረ ስብከት መሰል ክልል) ሥር ነው። ካፑቺን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳትና ጳጳሱ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ በሐረር ሳሉ፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ የተማሩት በሚሲዮኑ ካደገው ከአባ ሳሙኤል ነበር። በድሬዳዋ ደግሞ የባቡሩ ሥራ ፈረንሳይኛን የእንጀራ ቋንቋ አደረገው። ዛሬ ያንን ቦታ የያዘው እንግሊዝኛ ነው።

ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ሃይማኖት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ትምህርተ ክርስቶስ ውጤት የሚያዝበት የክፍል ትምህርት አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። አብዛኛው ተማሪ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ስለሆነ ይህ ባይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ አይቆምም። ልጆቹ የሚሲዮኑን መንፈስ የሚያገኙት ከትምህርት ዓይነቱ ይልቅ ከሰልፉ፣ ከሰዓት አክባሪነቱና መነኩሴዋ «ሲስተር» ደብተር ሲያገላብጡ ከሚያሳዩት ትዕግሥት ነው።

በሁለቱ ዓመታት ከሁሉም የሚከብደው የቋንቋ ሽግግሩ ነው። ልጁ ቤቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ይናገራል። ሒሳብና አጠቃላይ ሳይንስ ግን በአብዛኛው የሚሲዮንና የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያው ፈተና ሲመጣ የሚወድቀው ስሌቱ አቅቶት ሳይሆን ጥያቄው «አነጻጽር» ይበል «ግለጽ» ሳይለይ ቀርቶ ነው። የሚበጀው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ከየምዕራፉ ከ15 እስከ 20 ቃል ለይቶ፣ ፍቺውን በራስ ቋንቋ ጽፎ፣ በየሳምንቱ መልሶ መጠየቅ። ሙሉ አንቀጽ በቃል መያዝ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

አጠቃላይ ሳይንስ በ7ኛ ቁስ አካልን፣ ንጥረ ነገርንና ውሁድን፣ ሕዋስንና የሕያዋንን ብዝኃነት ያነሣል፤ በ8ኛ ደግሞ አሲድና ቤዝን፣ የሰው አካል ሥርዓቶችን፣ ሥርዓተ ምሕዳርንና ሥርዓተ ፀሐይን። የሽንኩርት ሕዋስ ማየት የታወቀው ሙከራ ነው። ከሽንኩርቱ ቅርፊት የውስጠኛው ስስ ልጣጭ ይላጣል፤ በስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ይዘረጋል፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ይጨመርበታል፤ ሽፋን መስታወቱ በጎኑ ተደግፎ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ምልከታው የሚጀመረው በ4 እጥፉ ሌንስ ነው፣ ከዚያ ወደ 10 ይታለፋል። ልጣጩ ወፍራም ከሆነ ጨለማ ብቻ ይታያል። መስታወቱ በአንዴ ከወረደ አየር ይታፈናል፤ ተማሪውም ጥቁር ክብ ያላትን የአየር አረፋ «ሕዋስ» ብሎ ይሥላታል።

ለአሲድና ቤዝ ድሬዳዋ ራሷ ቤተ ሙከራ ናት። የከተማዋ ውሃ ጠጣር ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ይህ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱ ተፈቅፍቆ፣ ተፈጭቶ ኮምጣጤ ቢፈስበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ እየሠራ ይወጣል። ሳይፈጭ ጠጠሩ ላይ ቢንጠባጠብ አረፋው እምብዛም አይታይም፣ ልጁም «አልሠራም» ብሎ ይጽፋል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይም ያው ካርቦኔት ነው። የከርከዴ ውሃ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ጠቋሚ ነው፦ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የልብስ ሶዳ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ያደላል።

በሒሳብ 7ኛ ክፍል ከስብስብ ወደ ኢንቲጀር፣ መቶኛና ቀጥተኛ እኩልታ ይሄዳል፤ 8ኛው ራሽናል ቁጥርን፣ ስኩዌር ሩትን፣ ተመሳሳይ ቅርጾችን፣ ፓይታጎረስንና ፕሮባቢሊቲን ይጨምራል። ስሕተቱ በየዓመቱ ያው ነው። (−3)² 9 ሲሆን −3² ግን −9 ነው፤ የ9 + 16 ስኩዌር ሩት 5 እንጂ 3 + 4 አይደለም፤ −2x < 6 ለ−2 ሲካፈል ምልክቱ ተገልብጦ x > −3 ይሆናል። መቶኛ ላይ የሚያጠምደው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። 15 በመቶ ታክሱን ይዞ 1,150 ብር የተባለ ዕቃ የመነሻ ዋጋው 1,000 ብር ነው፣ ምክንያቱም ለ1.15 ይካፈላል። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የቀነሰ 977.50 ያገኛል፣ ይሳሳታልም። ፓይታጎረስን ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲሜትር ለክቶ አግድሙ 100 ከመጣ ስኳድራው (ቀጤ ማዕዘኑ) ልክ ነው።

በኅብረተሰብ ትምህርት የካርታ ንባብና የቦታ አቀማመጥ ይበዛሉ። ድሬዳዋ 41°52′ ምሥራቅ ላይ ናት፣ የአገሪቱ ሰዓት የሚለካው ደግሞ በ45° ነው። ልዩነቱ 3°08′ ነው፤ በየዲግሪው 4 ደቂቃ ሲባዛ ወደ 12 ደቂቃ ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6፡12 ገደማ ነው። የከተማዋ ወንዝ የደቻቱ ጎርፍም በዚሁ ትምህርት ይነሣል፦ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ውሃ ከደጋው የወረደ ነበር፤ ዛፍ የሌለው ቁልቁለት ውሃ አይዝም። ከከተማው በስተደቡብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ (የጃርት) ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ካስተዋወቁት አንዱ ቴያር ደ ሻርደን ነው። ሰውየው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ቄስም የቅሪተ አካል ሊቅም መሆኑ ለሚሲዮን ክፍል የማይታለፍ ምሳሌ ነው።

አማርኛ እንደ ዋና ትምህርት ቢቆጠርም ብዙ ጊዜ ይበደላል። ተማሪው የእንግሊዝኛ ፊደል አጥርቶ ሲጽፍ ሀ፣ ሐና ኀን ግን እንዳገኘ ያስቀምጣል። ዜግነት፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ አይሲቲ፣ የሥራና ተግባር ትምህርትም አሉ። ስፖርቱ ለጠዋት ቢደረግ ይመረጣል፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የድሬ ሜዳ አያስሮጥም።

በብዙ ትምህርት ቤት የወሰነ ትምህርቱ ውጤት 60 ከተከታታይ ምዘና፣ 40 ከማጠቃለያ ፈተና ይመጣል። በ8ኛ መጨረሻ ላይ የከተማ አስተዳደሩ ፈተና አለ፤ መልሱ በእርሳስ የሚጠቆርበት ወረቀት ላይ ይሰጣል። አንድ ጥያቄ ዘሎ መስመሩን ያልዘለለ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው መልሱ ሁሉ በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል። ጠንቃቃ መምህራን በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን ከመልስ ወረቀቱ ጋር እንዲያስተያይ ከግንቦት ጀምሮ በሞዴል ፈተና ያለማምዱታል።