አቶም ስንቆጥር የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ኬሚስትሪ ከበደኝ የሚል ተማሪ ደብተሩን ገልጣችሁ ብታዩ፣ ስህተቱ በአብዛኛው ቀመሩ ውስጥ ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ አለማወቁ ነው። ይሄ ደግሞ በአንድ ከሰዓት የሚስተካከል ነገር ነው። ተማሪዎች በስህተት የሚሉትን በጥቅስ እያስቀመጥን አንድ በአንድ እንየው።

«ቁጥር ካልተጻፈ ዜሮ ነው።» አይደለም፣ 1 ነው። ውሃ፣ ማለትም ኤች₂ኦ፣ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አለው።

«ከቅንፍ ውጭ ያለው ቁጥር የሚያባዛው የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ነው።» ብዙ ማርክ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው። ገበሬው ዳፕ የሚለውን ማዳበሪያ እንውሰድ፦ (ኤንኤች₄)₂ኤችፒኦ₄። ከቅንፉ ውጭ ያለው 2 ውስጥ ያለውን ሁሉ ያባዛል። ናይትሮጅን 2 ይሆናል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ 4 ሲባዛ በ2፣ 8። አለቀ? ኧረ ገና ነው! ከቅንፉ ቀጥሎ ሌላ ሃይድሮጅን ብቻውን ቆሟል፤ ስለዚህ ጠቅላላው 9 ነው። 8 ብሎ የሚያቆም ልጅ ማባዛት አልጠፋውም፣ ቀመሩን እስከ መጨረሻው አላነበበም እንጂ።

«ነጥብ ማለት ማባዛት ነው።» በሂሳብ አዎ። እዚህ ግን መደመር ነው። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት እዩት፦ ሲዩኤስኦ₄·5ኤች₂ኦ። ነጥቡ የሚለው ከእያንዳንዱ ኮፐር ሰልፌት ጋር 5 ውሃ አብሮ አለ ነው። ኦክስጅኑ ከሰልፌቱ 4፣ ከውሃው 5፣ በድምሩ 9፤ 4ን በ5 አባዝቶ 20 የሚል መልስ ከየት ይመጣል? ሃይድሮጅኑ 10 ነው። ላብራቶሪ ያላችሁ አሙቁትና ተመልከቱ፦ ውሃው በንኖ ሲወጣ ሰማያዊነቱ ይጠፋና ነጭ ዱቄት ይቀራል።

«ፊት ያለው ቁጥርና ከታች ያለው ትንሹ ቁጥር ያው ነው።» 2ኤች₂ኦ ሁለት ውሃ ነው፤ 4 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ኤች₂ኦ₂ ግን ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኗል፣ ፀጉር የሚያነጣው ማለት ነው። እኩልታ ስታመጣጥኑ፣ ማለትም በሁለቱም በኩል ያሉትን አቶሞች እኩል ስታደርጉ፣ እባካችሁ ትንሹን ቁጥር አትንኩት፣ የምትነካኩት ፊት ያለውን ብቻ ነው።

«ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ የለውም።» በጣም አለው። ሲ እና ኦ ሁለቱም በትልቁ ከተጻፉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ፤ አቶሞቹ ሁለት ናቸው። ኦዋ ትንሽ ከሆነች ግን የተጻፈው ኮባልት ነው፣ አንድ አቶም ብቻ።